አምስት ጠርሙስ፣ ሰባት ሰዓት

የአውቶቡስ ዴፖው ሾፌሮች «እፍ በል» ነው የሚሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆማ የትንፋሽ መለኪያ አፋቸው ላይ ስትደቅን ሌላ ስም ከየት ይምጣላት! ሰልችቷታል። «ማታ አንዲት ብቻ ነች» የሚል ሾፌር ሰልችቷታል፤ ከሁሉም ከሁሉም ግን ባሏ ሰልችቷታል።

ባሏ የዚያው ዴፖ ሾፌር ነው። በመጠጥ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለበት፤ አንድ ቀን ከ0.20 በላይ ከነፋ ይባረራል። ጡረታ ለመውጣት ደግሞ ስምንት ወር ነው የቀረው። ቤት ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው፦ እሷ፣ እሱ፣ በሞተር ዕቃ የምታደርስ ሴት ልጃቸው። ጠዋት ስትነሳ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባዶ የቢራ ጠርሙስ ታገኛለች። ስትቆጣው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። እሱ ሳሎን ነው የሚተኛው፤ አፍንጫዋንም ሳይነስ ከደፈነው ቆይቷል። ጠረን የማይገባት ትንፋሽ መርማሪ!

ስለዚህ ታሰላለች። እስከ ዛሬ ከአራት ጠርሙስ አልፎ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን አምስት ሆነ። አምስቱ ውስጥ ስድሳ ስድስት ግራም አልኮል አለ። ባሏ ሰባ ኪሎ ነው፤ አልኮሉ የሚሰራጨው በክብደቱ ሰባ በመቶ ነው፣ ያው አርባ ዘጠኝ ኪሎ። ስድሳ ስድስት ለአርባ ዘጠኝ ሲካፈል፣ በመለኪያው 1.35። እሷ ከምትተኛበት ከምሽቱ አራት እስከ ምርመራው፣ እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ፣ ሰባት ሰዓት አለ፣ በየሰዓቱ 0.15 ይቀነሳል። ቀሪው 0.30። አንድ ሰዓት ቢቆይ ግን 0.15 ሆኖ ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን ከተመርማሪዎች ዝርዝር መጨረሻ የምትጽፈው ለዚህ ነው። እያፈረች ትጽፈዋለች፣ ግን ትጽፈዋለች።

ዛሬ የስምሪት ኃላፊው ዝርዝሩን ነጠቃት። «የመጀመሪያው ሾፌር ታሟል፣ ያንቺ ባል ይውጣ። በይ አስነፊው፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

መለኪያውን ደቀነችበት። ባሏ ነፋ። 0.00።

መንፊያውን ቀይራ ደገመችው። 0.00። ኃላፊው በሩን ሊያስከፍት ሄደ።

«አምስት ጠርሙስ ቆጥሬ ነው የወጣሁት» አለችው በሹክሹክታ።

«እኔ ከተውኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ።»

«ታዲያ ስቆጣህ ለምን ዝም ትላለህ?»

«እኔን መቆጣት ለምደሽዋል። ጠርሙሱ የልጅሽ መሆኑን ብታውቂ ግን አትችይውም ብዬ ነው። ዛሬ ትተዋለች፣ ነገ ትተዋለች ስል…» ፊቱን አዞረ። «አምስት መድረሱን አላወቅኩም።»

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ሳትፈልገው ጭንቅላቷ ማስላት ጀመረ። ልጅቷ አርባ ስምንት ኪሎ ናት፣ በሴት ስድሳ በመቶ። ስድሳ ስድስት ለሃያ ስምንት ነጥብ ስምንት፣ 2.29። ሰባት ሰዓቱ ሲቀነስ 1.24። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሯን አስነስታ ስትወጣ 1.09። ደወለችላት፤ አታነሳም። ደገመች፤ አታነሳም።

መለኪያውን ወንበሩ ላይ ጥላ ባሏን ተከትላ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። ሠላሳ ሾፌር ተሰልፎ ያያታል።

«ቤት ውሰደኝ» አለችው።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ወደ ቀኝ፣ ወደ መስመሩ፣ በእጁ ያሳየዋል። ባሏ አንዴ ኃላፊውን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቤታቸው፣ ጠመዘዘ።