አራስ ቤት የገቡት ቄስ

ነገሩ የሆነው አምና በግንቦት፣ ደብረ ታቦር ዳር ባለው ቤታችን ነው። ዛሬም ነፋስ ሲነሣ እጄ ሳላስበው ወደ ጣሪያው ይዘረጋል።

ቤቱን ያሠራችው ልጄ ብርቱካን ናት፤ ከአረብ አገር ተመልሳ። አናጢው ቆርቆሮውን መትቶ፣ ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር በሽቦ ሳያስር ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ያን ሰሞን ብርቱካን ወንድ ልጅ ተገላግላ ተኝታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። አንድ የማላውቃቸው ቄስ ሲያልፉ በረዶ ያዛቸውና ከደጃችን ተጠለሉ።

«አባቴ፣ ይግቡ እንዳልልዎ አራስ ቤት ነው፤ ጠበል አልተረጨም» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቤት የገባ ቄስ በማግስቱ አይቀድስም።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ነገ ማርያም ናት፣ ቀዳሽ ነኝ። እዚሁ ይበቃኛል» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

በረዶው ዶሮዎቼን ግቢው መሃል ቀጥቅጦ ገደላቸው። ከዚያ ነፋሱ በክፈፉ ሥር ገባ። ጣሪያው ከተሸከመው ወራጅ እንጨት ጋር ተነሣ፣ ወርዶ ተላተመ፣ እንደገና ተነሣ። አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎ የአልጋውን መጋረጃ ሰንጥቆ አለፈ። ብርቱካን ሕፃኑ ላይ ተደፋች። ውጭ እንዳላወጣቸው በረዶው ይገድላል።

በሩ ተበረገደ። ቄሱ ገቡ።

«አባቴ፣ ቅዳሴዎ!»

«የሚቀድስ አይጠፋም። ገመድ አምጪ!»

የአህያውን መጫኛ ወረወርኩላቸው። በወራጁ ላይ አሳልፈው ተንጠለጠሉ። ነፋሱ እሳቸውንም ይዞ ተነሣ፤ እግራቸው መሬት ለቀቀ።

«የሁዳዴው ክሳት አለቀቀኝም፣ እቴ! አንቺም ተንጠልጠይ!»

ተንጠለጠልኩ። ገመዱ መዳፋቸውን ልጦት ደሙ በክንዳቸው ወረደ። «እግዚኦ» እያልን ጎትተን ጫፉን ከምሰሶው ሥር አሰርነው። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሄደም። ነፋሱ ጸጥ ሲል የጎረቤታችን ጣሪያ እርሻ ላይ ተጨማዶ አየን።

በማግስቱ ቄሱ ከቅጥር ውጭ ቆመው እንዳስቀደሱ ሰማሁ። ከሰዓት በኋላ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጠበልና አንድ ጥቅል ሽቦ ይዘው መጡ።

«ጠበሉ ይቀድማል፤ ሽቦውም አይቀርም» አሉ።

አሁን ጣሪያው በየማዕዘኑ ታስሯል። መጫኛውን ግን አልፈታሁትም።

በወር በወሩ፣ ለማርያም፣ እሳቸው ወደሚቀድሱበት ደብር እወርዳለሁ። የልጅ ልጄን አዝዬ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ያችን አንዲት ቅዳሴ ለእኛ ሰጥተውናል። እግዚአብሔር ይመስገን።