ጣናን በላይዳ የቀዘፍን ለታ

ሰው ስለ አባቱ ሲያወራ ርስቱን ይቆጥራል፣ ሹመቱን ይቆጥራል። የእኔ አባት እንጨት ጠራቢ ናቸው። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ትንሽ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ ቀንበርም ሞፈርም ላይዳም ሲጠርቡ ኖሩ። ላይዳ ማለት ውቂያ ሲያልቅ እህሉን ከገለባው ለመለየት ወደ ነፋስ የምንበትንበት ሰፊ የእንጨት አካፋ ነው። ያባቴን ላይዳ ፍለጋ ሰው ከስማዳ፣ ከጋይንትም ሳይቀር ይመጣ ነበር። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል።

ከሦስት ዓመት በፊት ታይፎይድ ጣለኝና ደብረ ታቦር ወስደው አስተኙኝ። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦብኝ ነበር። ያን ጊዜ አባቴ በጣና ደሴት ላይ ላለች አንዲት የማርያም ገዳም ተሳሉ። «ልጄን ከመለስሽልኝ በእጄ የጠረብኳቸውን አሥራ ሁለት ላይዳ በሐዋርያት ቁጥር ይዤ እመጣለሁ» አሉ። እኔ ዳንኩ። የእሳቸው ዓይን ግን በዚያው ሰሞን ሞራ ለበሰ። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም። ላይዳዎቹን በዳሰሳ ጠርበው ለመጨረስ ሁለት ክረምት ፈጀባቸው። እጃቸውን ስንቴ እንደቆረጡት እኔ አውቃለሁ፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ እኔ ምስጋና ቢሷ ምን አልኩ? «አባዬ፣ ደሴት ላይ ያሉ መነኮሳት አውድማ ከየት አምጥተው ነው? ይልቅ ጃንጥላ ልግዛና እሱን ይስጡ» አልኳቸው። እህል ነጋዴ ነኝ፣ ጃንጥላ መግዛት አያቅተኝም።

«እህል አይቀምሱም?» አሉኝ። በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ።

የማኅበራችን ሰዎች ለገዳሟ ንግሥ ሲነሱ እኛም አብረን ተነሳን። ሃያ ሁለት ነበርን። ባሕር ዳር አድረን ገና ጎሕ ሲቀድ ከሐይቁ ዳር ደረስን። ጀልባዋን የሚነዳው ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው፣ ካፒቴን በሉኝ ይላል። የአባቴን ሸክም ሲያይ «ይሄ ማገዶ የማነው? እኔ የምጭነው ሰው ነው» አለ።

«ማገዶ አይደለም፣ ስለት ነው! አፍህን ሰብስብ» አልኩት። ላፌ እንዲህ አልኩ እንጂ በሆዴ አፍሬ ነበር። ሌላው ሰው ጧፍ ይዟል፣ ዕጣን ይዟል፣ የወርቅ ዘርፍ ያለው መጋረጃ የያዘችም አለች። እኛ በጠፍር የታሰረ እንጨት።

እኛ የምናውቀው ውሃ ክረምት ሞልቶ በጋ የሚጎድል ወንዝ ነው። ጣና መሀል ስንገባ ግማሹ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዳዊት ይደግማል፣ ግማሹ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ሲያጓራ የነበረው ሞተር ድንገት ድምፁ ቀጠነ። ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን ወይ ፍንክች! ካፒቴኑ ሞተሩን ከውሃው አነሳው። ከታች እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው ብረት፣ እነሱ ፕሮፔለር የሚሉት፣ የዓሣ መረብ ተጠምጥሞበታል። መረቡን በቢላዋ ቆርጦ አወጣው። ለካ ብረቱን ከሞተሩ ጋር የያዘው ትንሽ ሽብልቅ ተሰብሯል።

«አንድ ሚስማር ባገኝ እኮ ይሠራል» አለ። ከሃያ ሁለት ሰው አንድ ሚስማር ጠፋ! ጧፍ ሞልቷል፣ ሚስማር የለም። ለጓደኞቹ ደወለ። ሁሉም ለንግሡ ሰው እያመላለሱ ነው፣ እስከ ቀትር ጠብቁ አሉት። ነፋሱ ደግሞ ከደሴቲቱ እያራቀ ይገፋን ጀመር።

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። አንዷ «ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት ውሃ ላይ ልቀመጥ ነው?» ትላለች። አስተማሪው «ነገ ክፍል አለኝ፣ የጠዋቱ አውቶቡስ ካመለጠኝ አለቀልኝ» ይላል። መጋረጃ የያዘችው «ታቦቱ ሳይወጣ ካልሰጠሁ ምን ዋጋ አለው!» እያለች ታለቅሳለች። ሁሉም ካፒቴኑ ላይ ወረደበት። እሱም መነጽሩን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። ያለው መቅዘፊያ አንድ ብቻ ነው፣ እሷን ይዞ ቢታገልም ጀልባዋ ከነፋሱ ጋር ናት።

አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። «ያንን መቅዘፊያ ስጡኝ እስቲ» አሉ። ተቀበሉና ከእጀታው እስከ ጫፉ ዳሰሱት። ሳቅ አሉ። «ይሄማ ላይዳ ነው። ጠራቢው አላወቀበትም እንጂ።»

ሸክማቸውን መፍታት ጀመሩ። እጃቸውን ያዝኳቸው። «አባዬ፣ ስለት አይደለም እንዴ? ቢሰበርስ?»

«እዚህ ተቀምጦም ስለት አይሆን» አሉኝ። የመጨረሻውን ቋጠሮ ፈቱ። «አሥራ ሁለቱንም ቆጥሬ እሰጣለሁ፣ አሥራ ሁለቱንም ቆጥሬ እቀበላለሁ። ስለት አይጎድልም። ሰምታችኋል?» ሁሉም ሰማን አለ። እያንዳንዱን ላይዳ በመዳፋቸው እየመዘኑ ከባዱን ለወንዶች፣ ቀለል ያለውን ለሴቶች አደሉ። አንዱ ለእኔ ደረሰኝ።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ገበሬ እጅ ላይ ላይዳ ሲገባ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ ወደ ሰማይ መበተን። «በሉ!» ሲባል ሁላችንም ውሃውን ዝቀን ወደ ላይ! ነፋሱ መልሶ በራሳችን ላይ አወረደው፤ እስከ ጥፍራችን ራስን። ካፒቴኑ «ኧረ በማርያም! ወደ ኋላ ግፉት!» እያለ ጮኸ። ወደ ኋላ ገፋን። አሁን ደግሞ ጀልባዋ ባለችበት ትዞር ጀመር፣ ጉልበተኞቹ ለካ ባንድ ወገን ተቀምጠዋል።

«ውቂያ ላይ ነን እንዴ?» አለ ካፒቴኑ፣ እሱም ሳቁ አምልጦት።

አባቴ መሀል ላይ ቆሙ። ጀልባ ላይ የማያይ ሰው ሲቆም ያየ ብቻ ያውቀዋል። ሁለት ሰው ወገባቸውን ያዘ። ጆሯቸውን አዘነበሉና ያዳምጡ ጀመር። «በቀኝ በኩል የፊተኛው፣ ቀድመሃል። በግራ የኋለኛዋ፣ ቁልቁል አጥልቂው እንጂ አትላሺው። አስተማሪው፣ አንተ ወደ ግራ እለፍ።» እያንዳንዱን ላይዳ በድምፁ ያውቁታል፣ የጠረቡት እሳቸው ናቸዋ! ከዚያ በሬ ሲያበራዩ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ ጀመሩ። በዜማው ገፋን፣ በዜማው አነሳን። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። እግዜር ያሳያችሁ፣ የእስቴ ገበሬ ጣናን ሲያርሰው! ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። ያፈርኩበት እንጨት ሃያ ሁለት ነፍስ ተሸክሞ ሲሄድ «ይሄ ያባቴ እጅ ነው» ብዬ ለውሃው ልጮህለት ቃጣኝ።

መጮኼን ትቼ ሥራዬን በያዝኩ ጥሩ ነበር። ደሴቲቱ ቀርባ ዛፎቿ መለየት ሲጀምሩ እጄ ዝሎ፣ እርጥቡ እጀታ ከመዳፌ ሾለከ። ላይዳው ተንሳፍፎ አንድ ጊዜ ታየኝ፤ ማዕበሉ ወሰደው። ሌላ ሰው አላየም።

«በግራ ሦስተኛው ቆመ» አሉ አባቴ ወዲያው። «ምን ሆነሽ ነው?»

«እጄን ላሳርፍ ብዬ ነው» አልኩ። ዋሸሁ። በዚያ ሰዓት እውነቱን ብነግራቸው ዜማው ይቆማል፣ ሰዉም ይቆማል ብዬ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼም ነው። ቀሪውን መንገድ ባዶ እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ መጣሁ።

ከደሴቲቱ ስንደርስ ታቦቱ ገብቷል፣ ሕዝቡ ጠበል ጠዲቅ እየቀመሰ ነው። መጋረጃ የያዘችው እያለቀሰች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠች። ካፒቴኑ ከገዳሙ ሰዎች ሚስማር ለምኖ ሞተሩን መሥራት ያዘ። የገዳሙ መጋቢ ዛፍ ሥር ወዳለን ወደ እኛ መጡና ነገሩን ሲሰሙ ላይዳዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ አደነቁ። ማዶ ባለው መሬታቸው ዳጉሳ ያሳርሳሉ ለካ! ጃንጥላ ልግዛ ያልኩበትን አፌን እሳት ይብላው።

አባቴ ግን አልሰሟቸውም፣ እየቆጠሩ ነበር። አሥራ አንድ። እንደገና ቆጠሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። እግራቸው ላይ ወደቅኩና «እኔ ነኝ አባዬ፣ ከእጄ አምልጦኝ ነው፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው።

ራሴን ዳበሱኝ፣ አልተቆጡኝም። ያ ባሰብኝ።

መጋቢው «ሰው አድኖ ነው የጎደለው። አሥራ አንዱ እንደ አሥራ ሁለት ይቆጠርልዎታል፣ አይዘኑ» አሏቸው።

«ላይዳ የሚወጣው ዋንዛ ይገኛል አባ?» አሉ አባቴ።

በገዳሙ ዛፍ አይቆረጥም። ነፋስ የጣለው አንድ የዋንዛ ግንድ ግን ለማገዶ ተብሎ ከማዕድ ቤቱ ኋላ ተጋድሟል። መጋቢው መጥረቢያና መሮ አስመጡላቸው። አባቴ ግንዱን ዳሰሱ፣ አሸተቱ፣ ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡና መጥረብ ጀመሩ። እኔ ግንዱን ያዝኩላቸው። መጥረቢያው ከጣቴ አጠገብ ሲያርፍ አንድ ጊዜም አልደነገጥኩም።

ሞተሩ ተሠራ። የማኅበሩ ሰው መሄጃው ደረሰ ብሎ ተሰበሰበ። ካፒቴኑ መጣ። «አባባ፣ ከሰዓት ነፋሱ ይብሳል፣ እነዚህ ሰዎችም መንገድ አለባቸው። ከአሥራ ሁለት አንድ ቢጎድል ምናለበት? መጋቢውም በቃ ብለውዎታል እኮ።»

አባቴ ቀና አላሉም። «ልጄ ልትሞት ነበር» አሉት። «ማርያም ስትመልስልኝ ጣቷን እንኳ አላጎደለችባትም። እኔ አጉድዬ ልስጣት?»

ባለሱቋ ነጠላዋን አንጥፋ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። አስተማሪው አውቶቡሱን ረስቶ ፍልጡን ማንሳት ያዘ። ካፒቴኑም ተንበርክኮ በሌላው ጫፍ በኩል ግንዱን ጥብቅ አድርጎ ያዘላቸው።