ገበሩ የተቀየረው ካፖርት

ልብስ ሰፊው ካፖርቱን ያበላሸው በገዛ እጁ ነው፤ ያውም አሳምሮ።

ነገሩ የተጀመረው የከተማው ቤተ መዘክር ከየአቅጣጫው ወደ አገሩ ስለገቡ ሰዎች ትርኢት ለማዘጋጀት በተነሣ ጊዜ ነው። ትርኢቱ ከመቶ ዓመት በፊት ሐዲድ ሊዘረጉ በመርከብ ከመጡት ይጀምራል፤ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውል ፈርመው በመጡት ይቀጥላል፤ ጦርነትና እስር ሸሽተው በገቡት ያበቃል። ከእያንዳንዱ ማኅበረሰብ አንድ ዕቃ ተመርጦ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ብቻ። የልብስ ሰፊው አገር ልጆች ለምክክር ሲሰበሰቡ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ማን ይቅደመው? ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት እዚህ ሲደርስ በከተማው ውስጥ ቋንቋውን የሚናገር አንድም ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ዓመት ከስፌት መኪናው ጋር ሲያወራ እንደከረመ ራሱ ይናገራል።

«ካፖርቴን እሰጣለሁ» አለ፤ ተጨበጨበለት።

ሦስት ድንበር ያሻገረው ካፖርት ነው። እጅጌው በሽቦ አጥር ተተልትሏል፤ ከገበሩ ላይ ተቀድዶ የቆሰለ እግር ታስሮበታል፤ ከአምስት ቁልፎቹ የቀሩት ሁለት ናቸው። ልብስ ሰፊው ከቁም ሣጥን አውጥቶ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና አፈረ። ይህ ቡትቶ በእሱ ስም ሰው ፊት ሊቀርብ? ደንበኞቹ ምን ይላሉ? ሦስት ቀን ሠራበት። ገበሩን ገንጥሎ ጣለና በሚያንሸራትት አዲስ ጨርቅ ቀየረው፤ የእጅጌውን ጫፍ አጥፎ ሰፋ፤ አምስት አንድ ዓይነት ቁልፍ ተከለ፤ ተኩሶ በመስቀያ ይዞት ሄደ።

የቤተ መዘክሩ ባለሙያ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ናት። ካፖርቱን በነጭ ጓንት ገለበጠችው፤ ደግማ ገለበጠችው።

«በጣም የሚያምር ካፖርት ነው» አለች። «ለብሰውት የመጡት የቱ ነው?»

«ይኸው።»

«የድሮው ገበርስ?»

«ጣልኩት» አለ ኮራ ብሎ። «እሱማ አልቆለት ነበር።»

ባለሙያዋ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች።

በሳምንቱ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለማን ቢባል፣ ለሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ላለው ፀጉር አስተካካይ። ያን ዕለት ልብስ ሰፊው የአንድ ደንበኛ ሱሪ ሲያሳጥር አንዱን እግር ከሌላው በሁለት ጣት አሳጠረው።

ቅናቱ እንግዳ አልሆነበትም፤ አሥራ ስምንት ዓመት አብሮት ኖሯል። ፀጉር አስተካካዩ በመጣ በስድስት ወሩ የአገሩን ቋንቋ እንደ ውኃ ጠጣው፤ ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮህ የሚናገረውን በልቡ ደርድሮ ነው የሚያነሣው። የሱ ደንበኛ ልብሱን አስረክቦ ይሄዳል፤ የዚያኛው ደንበኛ ግን ፀጉሩን ተቆርጦም አይሄድም፤ ወንበር ስቦ ያወራል። ሳቃቸው መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል፤ ስፌት መኪናው ደግሞ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ላለማየት ቢፈልግ እንኳ አይችልም።

መስኮቱ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ስም አለ። ሱቁን ከእሱ በፊት የያዘው ከሌላ አህጉር የመጣ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ቀለሙ ቢፋቅም ስሙ ፀሐይ ሲያርፍበት ይነበባል። ከሰዓት ሠሪው በፊት አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ የምድጃው ጭስ መውጫ እስከ ዛሬ በጓሮው ግድግዳ ላይ ነው። ስፌት መኪናውን የገዛው አባቷ በመርከብ ከመጣ አሮጊት ነው። ሁሉም በየተራቸው መጤ ተብለው፣ በየተራቸው የሰፈር ሰው ሆነው አልፈዋል። ልብስ ሰፊው ካፖርቱን ሲሰጥ ይህን እያሰበ ነበር፤ የሰዓት ሠሪው ስም አለ፣ የዳቦ ጋጋሪው ምድጃ አለ፤ የእኔስ ምን ይቀራል?

«ወንድምሽ በአውሮፕላን ነው የመጣው!» አለ ማታ ራት ላይ። «ምሳ እየቀረበለት!»

«ታዲያ በእግሩ ይምጣልህ?» አለች ሚስቱ።

«በእኔ የዋስትና ፊርማ ነው የመጣው።»

«እንግዲያው ፊርማህን መስታወት ውስጥ አስገባዋ።»

«ለመሆኑ ምን ሰጥቶ ነው?»

«ጥቁር ሻንጣ ነው አሉ። እጀታው የተበጠሰ።»

ልብስ ሰፊው ማንኪያውን አስቀመጠ። «የምን ጥቁር ሻንጣ? አውሮፕላን ጣቢያ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ አይደለሁም? ሰማያዊ ነበር። ጎማ ነበረው! ሻንጣው እንደ ባለቤቱ እየተንሸራተተ ነው የገባው።»

ሚስቱ ተነሣች። ሳህኖቹን ሰብስባ፣ ገና ያልጨረሰውንም ጭምር ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እሱ ግን ልብ አላለውም፤ ደስታው ከቅናቱ በልጦ ነበር። ውሸታሙን ያዘው!

ትርኢቱ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤተ መዘክሩ ሄደ። በልቡ የደረደረው «ይህ ሰው ዋሽቷል» የሚል አጭር አረፍተ ነገር ነው፤ ስህተት እንዳይገባበት መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው መጣ። አዳራሹ ውስጥ ሠራተኞቹ መሰላላቸውን ትተው ፀጉር አስተካካዩን ከበውታል። ያወራል፤ ይስቃሉ። ባለሙያዋ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ትጠርጋለች።

«ጋሼ! መጣህ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ና እስቲ፣ አንተም ስቀህ ሂድ።»

«የመጣሁት ለሳቅ አይደለም።»

ሻንጣው ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ጣቱን ሊቀስርበት ቀረበ፤ የደረደረውም አረፍተ ነገር አፉ ላይ ደረሰ። ያኔ ነው ከሻንጣው ወለል ጥግ ላይ የተንጋደደውን ቀይ ስፌት ያየው።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በአንድ የድንበር ከተማ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ በሻንጣው ውስጥ ወረቀቶቹን የሚደብቅበት ኪስ ሰፍቶ ነበር። አጠገቡ ከተቀመጠችው ሴት ያገኘው ክር ቀይ ብቻ ነው፤ ጣቶቹም ከብርዱ የተነሣ መርፌውን አልጨበጡለትም ነበር።

«የኔ ሻንጣ ነው» አለ በገዛ ቋንቋው።

ፀጉር አስተካካዩ ማጅራቱን አከከ። «ያንተ ነው ጋሼ። ከቤታችሁ ስወጣ እህቴ ዕቃዬን በሱ አሰረችልኝ። የሰማያዊው ጎማ እናንተ ደረጃ ላይ ተነቅሎ ቀረ፤ ረሳኸው?»

«ታዲያ ምን ብለህ ሰጠሃት?»

«የራሴ ቤት መጀመሪያ ይዤው የገባሁት ሻንጣ ነው አልኳት። ምኑ ነው ውሸቱ? እሷ ወደ አገሩ ይዞት የገባው ብላ ጻፈች፤ እኔም ዝም አልኩ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም ማለቴ ልክ አይደለም፤ እሱን አምናለሁ።»

ባለሙያዋ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን ታያለች። «ምን እየተባለ ነው?»

ልብስ ሰፊው ጨነቀው። ተናግሮ ሻንጣውን ቢያስወጣ የሚያስወጣው የራሱን ነው። ዝም ቢል ደግሞ ይህ ልጅ በእሱ ሻንጣ ነገሠበት። ሁለቱን ሲመዝን የደረደረው አረፍተ ነገር ተበታተነበት። ሌላ ሊደረድር ሲታገል ፀጉር አስተካካዩ ቀደመው።

«ሻንጣው የእሱ ነው» አለ በዚያ በተቀላጠፈ አንደበቱ። «ኪሱን የሰፋው እሱ ነው። ከሁላችንም ቀድሞ የመጣው እሱ ነው፤ እኔ የመጣሁት በእሱ ፊርማ ነው።» ከዚያም ስለ መጠበቂያው ክፍል፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቀዩ ክር ተናገረ። ልብስ ሰፊው ራት ላይ ለዓመታት የደጋገመው ታሪክ ነው፤ ሰምቶ ይዞታል ማለት ነው። አንድ ቃል አልጨመረም፤ ቢሆንም ልብስ ሰፊው በሕይወቱ እንዲህ አሳምሮ ተናግሮት አያውቅም። ሠራተኞቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። ባለሙያዋ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ፤ የምታየው ግን የሚናገረውን ነበር።

ሻንጣውን መለሰልኝ፤ ታሪኬን ወሰደው፣ አለ ልብስ ሰፊው በልቡ።

በመክፈቻው ዕለት በሣጥኑ ሥር ያለው ጽሑፍ ተለውጦ የሁለቱን ስም ይዟል፤ የልብስ ሰፊው ይቀድማል። ሻንጣውም ኪሱ እንዲታይ ወደ መስታወቱ ዘንበል ተደርጓል። ሰው ግን ጽሑፉን አንብቦ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው ብቻውን ከሣጥኑ ፊት ቆመ። ከኪሱ ጥግ አንድ የቀይ ክር ጫፍ ተመዝዟል። እጁ ሳያስበው ኮሌታው ላይ ወደ ሰካው መርፌ ሄደ።

«እባክዎን!» አለች ባለሙያዋ ከኋላው።

መርፌውን መልሶ ሰካ።

ቀሚሷን እሱ ጋ የምታሰፋ አንዲት ጎረቤት መጥታ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አስጠጋች። «ይህን የሰፉት እርስዎ ነዎት?» አለች ተገርማ። «ይህን?»

ፊቱ ጋለ። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ የትም ቢወስዱት ጠማማ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ በዚያው በሰባበረው ቋንቋ። «እጅ፣ ብርድ። መንቀጥቀጥ።» ጣቶቹን አሳያት።

ሴትዮዋ ጣቶቹን አየች፤ ስፌቱን አየች፤ ባሏን ጠራችው። ባሏ ከፀጉር አስተካካዩ ክብ ተነጥሎ መጣ፤ ሌሎች ሁለትም ተከተሉት። ልብስ ሰፊው ጣቶቹን እንደገና ከፍ አደረገ፤ መናገር ከመጀመሩ በፊት ግን ፀጉር አስተካካዩ ማየቱን ለማረጋገጥ አንዴ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ተመለከተ።