ድህነታችንን ሊያዩ የመጡ ዕለት

ትናንት ከሰዓት ቤት ለቤት የሚመዘግቡ ልጆች መጡ። የመንግሥት ድጎማ ለማን እንደሚገባ ሊያጣሩ ነው። ታብሌት የያዘችው ልጅ ቤቴን ዞር ዞር ብላ አየችና «ማዘር፣ ይሄ ወንበር የእርስዎ ነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ... ልጅቷ ግራ ገባት። እኔ ግን በሐሳቤ ነፋስ ስልክ ነበርኩ፣ ያኔ በደርግ ጊዜ።

የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ ቡና ለቃሚ ነበረች። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ተቀምጣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። በኋላ ዓይኗን ሞራ ጋረደው። መጥፎው ፍሬ እያመለጣት ሲያስቸግር አለቃዋ «ታክመሽ ስትድኚ ትመለሻለሽ» ብሎ ወደ ቤት ሰደዳት። ያ ማለት ዓይኗ ካልዳነ እንጀራችን አለቀ ማለት ነው።

ቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ይሰጣል ተባለ። ግን እንዲሁ አይሰጥም። ኮሚቴ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ድሃ መሆንሽን በዓይኑ አይቶ መጻፍ አለበት።

እናቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ያስደነገጣት ወረቀቱ አይደለም፤ እንግዳው ነው።

«ድሮ የሰው ደጅ የምንጠናው እኛ ነበርን» አለች። «ዛሬ የመንግሥት ሰው በእግሩ እኔ ደጅ ሊመጣ? ኧረ ምን ላይ ላስቀምጠው?»

ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ አስካለ ከላይኛው ቤት ሁለት ባለ ስፖንጅ ወንበር አመጣች። ከወላይታ የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጠረጴዛ፣ ብርጭቆና ሬዲዮ አመጣች። ሬዲዮው አይሠራም። «ባይናገርም ያሳምራል» ብላ ጠረጴዛው መሐል ላይ ጉብ አደረገችው። በጋዜጣ የተለጠፈው ግድግዳችን በእትዬ አስካለ ባለ አበባ አንሶላ ተሸፈነ። እዚህ ላይ እኔ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ፊደል የለየሁት ከዚያ ጋዜጣ ነበር።

ሰዎቹ ምን ሊያዩ ነው የሚመጡት ብሎ ያሰበ አንድም ሰው የለም። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቤት ይሰናዳል፤ በቃ።

እናቴ ወደ ወንበሮቹ አቅጣጫ እያጨናበሰች «ቤቱ ምን ይመስላል?» አለችኝ።

«ሠርግ ያለበት ቤት ይመስላል።»

ደስ አላት።

ኮሚቴዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዷ ቅጽ የያዘች ወጣት ናት፤ ለሠፈራችን እንግዳ። ሁለተኛው የእትዬ አስካለ ባል ጋሽ በየነ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀበሌ ስለሚውል ሚስቱ ምን እንዳደረገች አያውቅም።

እናቴ በራሽን ካገኘናት ስኳር የተረፈችውን አራግፋ ሻይ አፍልታለች። «ግቡ፣ ግቡ ጓዶች! አረፍ በሉ ጓድዬ!»

ወጣቷ ሻዩን ፉት እያለች ጮክ ብላ ትጽፋለች። «ወንበር... ሁለት። ጠረጴዛ... አንድ። ሬዲዮ... አንድ።» ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ወረቀት ለድሃ ድሃ ነው። እኔ ራሴ ሬዲዮ የለኝም።»

በር ላይ የቆሙት ጎረቤቶች ምን እንደሠሩ የገባቸው ገና ያኔ ነው። በእንግዳ ፊት «የተዋስኩት ነው» ማለት ለእናቴ ዓይን ከማጣት ይብስ ነበር።

ጋሽ በየነ የተቀመጠበትን ወንበር መደገፊያ መደባበስ ጀመረ። ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ። ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ... የራሱ ሲጋራ። ቀና ብሎ በሩ ላይ ሚስቱን አያት። እትዬ አስካለ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ሊጮህባት ነው ብዬ ጠበቅሁ። ተነሣ። ወንበሩን ብድግ አደረገና ትከሻው ላይ ጫነው።

«በሉ እንግዲህ፣ እግረ መንገዴን ይህቺን ይዣት ልሂድ» አለ። «ማታ ምን ላይ ልቀመጥ ነው?»

እትዬ አልማዝ ወዲያው ገባት። «እኔም ሬዲዮዬን!» ብላ ዘው አለች። እትዬ አስካለ አንሶላዋን ከግድግዳው ገፈፈች። ጠረጴዛው ወጣ። የወጣቷም ወንበር ተራው ደረሰና «ተነሺልኝ እስቲ እህቴ» ተባለች። ሻይዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እትዬ አልማዝ አጠገቧ ሆና ትጠብቃለች።

«ጨርሺ እንጂ የኔ እመቤት... ብርጭቆው የኔ ነው።»

ቤቱ ውስጥ እኔ፣ እናቴ፣ የጭቃ መደባችንና ያ ጋዜጣ ቀረን። ወጣቷ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። የመጀመሪያውን ቅጽ ቀደደችና ጉልበቷ ላይ ሌላ ሞላች። አሁን ጮክ ብላ አልጻፈችም።

ሲወጡ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ሻዩንስ ጠጣችው?»

«ጨርሳዋለች።»

«እሰይ! እንግዲያውስ አላፈርኩም።»

በወረቀቱ ታከመች። አንዱ ዓይኗ በራላትና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

የትናንትናዋ ልጅ ታብሌቷን ይዛ መልሴን እየጠበቀች ነበር። እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ እኔም ጠዋት ያደረግሁት የእናቴን ነው።

«ወንበሩ የጎረቤቴ ነው» አልኳት። «ጎረቤቴ ግን የኔ ናት።»