የእትዬ አስካለ ዱባና የተፈረደባቸው ንቦች

በአትክልተኝነት የተቀጠርኩ ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ መሣሪያ መኮትኮቻ ሳይሆን በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ ነበር። ግቢው የካ ሚካኤል አካባቢ ነው። ጌታው ጽጌረዳው ፊት አቆሙኝና «ታደሰ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ከእኔና ከውሻው በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳላይ» አሉኝ። «እኔስ ጋሼ?» አልኳቸው። ሳቁ፤ መርጫውን ግን አሳዘሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዳገት ድረስ ያልኮተኮትኩት ግቢ ጥቂት ነው። ሰው በነፍሳት ላይ እንዴት እንደሚፈርድ አጎንብሼ ሰምቻለሁ። ቢራቢሮ ታምራለች ተብላ ትማራለች፤ ነገ ቢራቢሮ የሚሆነው ትል ግን በጫማ ይጨፈለቃል። ንብ መንጋዋን ይዛ ቤት ከገባች ገድ ናት ተብሎ የሚነካት የለም፤ አበባ ላይ ከተገኘች ሌባ ትባላለች።

ይህ ፍርድ ሰውን ከሰው ሲለያይ ያየሁት መሪ የሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ስሠራ ነው። እትዬ አስካለ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ሴት ከየካ ሚካኤል ተነሥተው እዚያ ምድር ቤት ሲገቡ፣ ከመስኮታቸው ሥር ባለችው ቁራሽ መሬት ዱባ ተከሉ። ፊት ለፊታቸው ከስልጤ የመጣችው ረድያ ትኖራለች፤ ሱቅ አላት። ሁለቱ እናትና ልጅ ነበሩ ማለት ይቻላል። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ሾርባ ይዛ ትገባለች፤ ለፋሲካም ለዒድም በራቸው ተከፍቶ ይውላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዱባው አበባ በአበባ ሆነ። ረድያ አይታ «እትዬ፣ ይኼ ሁሉ ዱባ ሊሆን ነው? ለሰፈሩ ይተርፋል እኮ!» አለች። ከዚያ በኋላ አንድም ፍሬ አልያዘም። አውራ ጣት የምታክለው ጨቅላ ዱባ ሁሉ ቢጫ እየሆነች ረገፈች።

«ዓይኗ ነው» አሉኝ እትዬ አስካለ በሹክሹክታ። ለእኔ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ነግረዋል። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ! ረድያ ሰላም ስትላቸው ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር።

አንድ ቀን ሱቋ ስገባ «ጋሼ ታደሰ፣ ሌላ ቤት እየፈለግኩ ነው። ዓይነ ክፉ ተብዬ ልጆቼን እዚህ አላሳድግም» አለችኝ። እንባዋ መጣ።

በማግስቱ ማለዳ ሣር ሳጭድ እትዬ አስካለ ከኪዳን ተመለሱ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ የበረሮ መድኃኒት አንሥተው በየአበባው ውስጥ ይነፉ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው እትዬ?»

«ንቦቹ ናቸዋ! አበባው ከፈካ ጀምሮ በየማለዳው እነፋባቸዋለሁ። ጠዋት ገብተው ይመጡታል፣ ቀትር ሳይሆን አበባዬ ይጠወልጋል። የሷ ዓይን አልበቃ ብሎ እነሱ ደግሞ!»

የዱባ አበባ ንብ ነካውም አልነካው ለግማሽ ቀን ብቻ እንደሚከፈት አውቃለሁ። ያለ ንብ ፍሬ ይያዝ አይያዝ ግን ቆሜ አይቼ አላውቅም፤ ጥርጣሬ ብቻ ነው ያለኝ። «ነገ አንድ ጠዋት አይርጩ፤ አብረን ቆመን እንይ» ብዬ ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ እሺ አሉ።

በነጋታው ጎን ለጎን ቆምን። ጉሙ ከእንጦጦ ገና አልተነሣም። አንዲት ንብ መጣችና ወንዱ አበባ ውስጥ ገብታ ተንከባለለች። ስትወጣ እርድ የተነሰነሰባት መሰለች፤ ዓይኗ እንኳ አይታይም። ክብደቱ እያንገዳገዳት በረረችና ጨቅላ ዱባ ከሥሯ ያንጠለጠለችው ሴቷ አበባ ውስጥ ገባች። ከወንዱ አበባ የያዘችውን ቢጫ ዱቄት እዚያ አራገፈች። ሌላም መጣች፣ ሌላም። ዕድሜዬን ሙሉ አበባ ሥር የዋልኩ ሰውዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ግሩም ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

እትዬ አስካለ አማተቡ። «የአምላክ ያለህ! ከቤት ቤት የምትላክ ሽማግሌ ናት እንዴ?»

መድኃኒቱን ዳግመኛ አላነሡም። የዚያች ጠዋት ጨቅላ ዱባ አልረገፈችም። ቡጢ ስታክል ጠሩኝ፤ ረድያ ጋ ብቻቸውን መሄድ ፈርተዋል።

ረድያ በሩን ከፈተች። ከኋላዋ ዕቃ የተሞላ ካርቶን ይታያል።

«ረድያ፣ ዱባውንም የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ስምሽንም የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ አስካለ።

እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ለእኔ መንገርዎ ምን ያደርግልኛል እትዬ?» አለች ረድያ። «ክፉውን ለሕንፃው ነግረው የለ? ይኼንንም ለሕንፃው ይንገሩልኝ።»

እትዬ አስካለ ዞረው የጎረቤቱን በር አንኳኩ፤ ከዚያ የቀጣዩን። ጉልበታቸው ያማቸዋል። የደረጃውን ብረት እየተደገፉ ፎቅ በፎቅ ወጡ። ከታች ሆነን ድምፃቸውን እንሰማለን፤ በየበሩ ያንኑ ቃል ይደግማሉ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ረድያ ሮጣ ወጣችና ክንዳቸውን ያዘች። የቀሩትን በሮች አብረው አንኳኩ።

አዲስ ለምትቀጠሩ አትክልተኞች የምለው አንድ ነው፤ መርጫ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጠዋት አበባው አጠገብ ቁሙ።