አምስተኛ ክፍል ለየትኛው ይገባል?

የድሮ አራተኛ ክፍል ከዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይበልጣል ይባላል። አይበልጥም። ይህን የሚሉኝ አብዛኛውን ጊዜ እኩዮቼ ናቸው፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ከጃንሆይ ዘመን የቀረላቸው ኩራት ያቺው አራተኛ ክፍል ብቻ የሆነች ሰዎች። ልከራከራቸው አልፈልግም፤ ደክሞኛል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት እያወዳደርኩ እንጀራ በልቻለሁና ዝም ማለቱም አልሆነልኝም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ያነበብኩት መጽሐፍ ብዙ፣ የማውቀው ገበሬ ጥቂት ነበር። አንድ ግንቦት አለቃዬ ቅጽ ሰጠኝና በበቅሎ ላከኝ። በአንድ ወረዳ ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አንዱ ሜዳው ላይ፣ ሌላው ከጮቄ ተራራ ሥር። ሁለቱም በአራተኛ ክፍል ያበቃሉ። አምስተኛ ክፍል የሚከፈተው ለአንዱ ብቻ ነው። "ሄደህ እይና የተሻለውን ጻፍ" አለኝ። ቅጹ ስለ ጣሪያ፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳና ስለ ተማሪ ብዛት ይጠይቃል። የታየበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም።

መጀመሪያ የደረስኩት ሜዳው ላይ ነው። ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ልጆቹ ነጭ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ባንድ ድምፅ "እንደምን አደሩ!" ሲሉኝ በቅሎዬ ደንብራ ገመዷን ልትበጥስ ነበር። "የወላጆች የትምህርት ፍቅር ከፍተኛ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ለምን ነጭ እንደለበሱ አልጠየቅሁም። ንጽሕና መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ግማሽ ቀን ሽቅብ ወጥቼ ሁለተኛው ዘንድ ደረስኩ። የሣር ክዳን ቤት ነው። ውስጡ አራት ሕፃናትና እግሩን የታመመ አንድ ልጅ ብቻ ተቀምጠዋል። መምህሩ ቅኔ ቤት አርጅተው ኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የገቡ ሽማግሌ ናቸው። በር ላይ ቆመው፣ መዝገብ ይዘው፣ ወደ ማዶው እርሻ ይጮኻሉ። ስም ይጠራሉ። ጓል የሚከሰክሰው ልጅ ቀና ብሎ "አለሁ!" ይላል። እሳቸው ምልክት ያደርጋሉ።

"መምህር፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ስም እየጠራሁ ነዋ።"

"እርሻ ላይ ያለው ሁሉ እንደ ተገኘ ይቆጠራል?"

"አለሁ እያለኝ የለህም ልበለው?"

"እኔ የምጽፈው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ብቻ ነው።"

ዞር ብለው ክፍሉን አዩ። "ወንበሩን ያምጡልንና እናስቀምጣቸዋለን። ለጊዜው ድንጋይ ነው።"

ከዚያ ወደ ማዶ "ሰባት ጊዜ ስምንት!" ብለው ተጣሩ። ከሁሉም ቀድሞ ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ "ሃምሳ ስድስት!" ሲል መለሰ። አባቷ እርፉን ሳይለቅ ጮኸ፦ "ኧረ የኔታ፣ በሬዬን ሒሳብ አስለመዱብኝ! ካልተቆጠረለት አልራመድም እያለኝ ነው!" ማዶው ሁሉ ሳቀ።

"ትናንት ቢመጡ ኖሮ መቆሚያ ባጡ ነበር" አሉኝ መምህሩ። "ትናንት ኪዳነ ምሕረት ነበረች። በሬ ካልተጠመደ ልጁ ሁሉ የእኔ ነው።"

ፈገግ አልኩ። "ትናንት ቢመጡ" ያላለኝ መምህር አጋጥሞኝ አያውቅም። ኪዳነ ምሕረትንም ከሰበቡ ጋር ደምሬ ናቅኋት።

በምሳ ሰዓት ባለ ቀጭን ድምፅዋ ልጅ አፈር እንደለበሰች መጣች። አራተኛ ክፍል ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ እንደሆነ መምህሩ ነገሩኝ። ወድቃ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ክፍል ስለሌለ ነው። አምስተኛ ሜዳው ላይ ቢከፈት እንኳ፣ እንዳትሄድ መንገዱ ግማሽ ቀን ነው፤ ወንዙም በክረምት ሰው ይወስዳል። "ትምህርቱን ካቆመች ትዳራለች" አሉ። "አባቷ አምስተኛ ከተከፈተ አልድራትም ብሎ በነፍስ አባቱ ፊት ቃል ገብቶልኛል። እስከዚያ እኔም አላሳልፋት፣ እሷም አትሄድ።"

ልጅቱ ከረጢቴን አየች። "ጌታዬ፣ አምስተኛን ይዘው መጡ?"

"ይታያል" አልኳት። የቢሮ ቃል ነው።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ በሜዳው ትምህርት ቤት በኩል አለፍኩ። በሩ ክፍት ነው። ሰባት ልጆች ሰሌዳው ላይ የቀረ ጽሑፍ እያዩ ያዛጋሉ፤ መምህራቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃል። ሲያየኝ ዘሎ ተነሣ።

"ልጆቹስ?"

"እርሻ ናቸዋ ጌታዬ! ዛሬ እኮ የሥራ ቀን ነው።"

በቅሎዋ ላይ እንዳለሁ ገባኝ። ያወዳደርኩት ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት ሳይሆን በዓልን ከሥራ ቀን ነበር። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ የደወል ድምፅ እየሰማሁ አድጌ፣ ይህ ይጥፋኝ!

ማረም እችል ነበር። አንድ መስመር መሰረዝ ይበቃል። ነገር ግን አለቃዬ ስርዝ ያለበት ቅጽ አይቀበልም፤ "እንደገና ሂድ" ይለኛል። መቀመጫዬ ተልጧል፣ ዝናቡም መጣሁ እያለ ነው። እንደተጻፈ ሰጠሁት። "ጥርት ያለ ሥራ" አለኝ። አምስተኛ ክፍል ለሜዳው ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት ሽማግሌው መምህር ጠመኔ ሊወስዱ መጥተው ቢሮው ደጅ ተገናኘን።

"ያቺ ልጅስ?" አልኳቸው።

"በጥር ተዳረች።" ጠመኔውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። "ከመዝገቡ ሰርዣታለሁ። ስም ስጠራ ግን አፌ ይቀድመኝና እጠራታለሁ። ማዶው ዝም ይላል።"

ስለዚህ አራተኛ ክፍልን አውቃታለሁ። ጎበዝ የነበሩት ብዙዎቹ ጎበዝ የሆኑት መሄጃ አጥተው እዚያው ስለከረሙ ነው፤ ያንኑ መጽሐፍ ሦስት ዓመት አንብቦ ማን አይሸመድደውም? እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ የድሮውን አራተኛ ክፍል እኔ ፊት አታወድሱብኝ። ከቻላችሁ በሌለሁበትም ተዉት።