ሰባ ስምንት ዲግሪ

ልጄ ባሕር ያለበት ስቴት ልትማር ስትሄድ የራሷን ባሕር እኔ ላይ ጥላው ሄደች። ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ጨዋማ ውሃ የተሞላ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ ብርቱካንማ ዓሦችና ኮራሎች ይኖራሉ። ኮራል ማለት ሲያዩት ድንጋይ የሚመስል፣ ግን ሕይወት ያለው፣ የሚበላ፣ የሚያድግ፣ ሲከፋውም የሚያኮርፍ ፍጡር ነው። ሐምራዊውን ልጄ ሃይስኩል እያለች ጥፍር ከምታክል ስባሪ አሳድጋ ቡጢ አሳክላዋለች። አደራ ያለችኝም እሱን ነው።

«አባዬ፣ ሰባ ስምንት» አለችኝ ሻንጣዋን መኪና ላይ ስንጭን፤ የውሃውን ሙቀት በፋራናይት መናገሯ ነው። «ሰባ ሰባትም ቢሆን ሰባ ዘጠኝ ኢትስ ፋይን። ግን አንዴ ከመረጥክ ስዊንግ እንዳያደርግ። የሚገድላቸው ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው።»

ያኔ የከተማ አውቶብስ እነዳ ስለነበር ገንዳውን የማየው ጠዋት ስወጣና ማታ ስገባ ብቻ ነበር። ክረምቱ ሲገባ በረዶ አንሸራትቶኝ ወደቅሁና ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ሐኪሙም በረዶው እስኪቀልጥ ደጅ እንዳልወጣ አዘዘኝ። በረዶው እስኪቀልጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ከተማችን ኩን ራፒድስ የከረመ ሰው ያውቀዋል፤ ወራት ይፈጃል። ባለቤቴ ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ስለምትሠራ በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትገባለች። ዕድሜዬን ሰው ስጭንና ሳወርድ የኖርኩት ሰውዬ፣ መንገዴ ከሶፋው እስከ ገንዳው፣ ከገንዳው እስከ መስኮቱ ሆነ። ታፈንኩ። አንዳንድ ቀን ከግድግዳው ጋር ልጣላ ምንም አይቀረኝም ነበር።

ውሃው ደግሞ ከእኔ የባሰ አመለኛ ነው። በመስኮቱ በኩል ብርድ ይገባበታል። መብራቱ ሲበራ ይሞቃል፣ ሲተን ይቀዘቅዛል። ማሞቂያውን እንደ ነገሩ ካስተካከልኩት በኋላ ጥቂት ሳልቀመጥ እንደገና ተነሥቼ፣ ከዘራዬን ተደግፌ ቴርሞሜትሩን አያለሁ። «አንተ ጉድ፣ እኔን ያሰርከኝ አንተ ነህ» እለው ነበር ሐምራዊውን። እሱ ምን ገዶት፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ይወዛወዛል።

ከእራት በኋላ ግን ልጄ ትደውላለች።

«ሃይ አባዬ፣ ቴምፐሬቸሩ ስንት ነው?»

«ሰባ ስምንት።»

«ጉድ ጆብ!»

ከዚያ ምን እንደበላች እጠይቃታለሁ፤ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እኔ በአማርኛ እቆጣታለሁ። ወሬው ከውሃው ተነሥቶ የት የት ይደርሳል። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ትንሽ ሰፋ ያለ ይመስለኛል።

ጥር ላይ የባለቤቴ የጽዋ ማኅበር ተራ ደረሰ። ማኅበርተኞቹ ሲመጡ ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አይገኝም፤ ማይክሮዌቩ እንኳ አይቀርለትም። ታዲያ ገንዳውን ራቁቱን ትታ እንዴት ሰው ታስገባ? ትልቁን ነጭ ዳንቴል አውጥታ፣ ጨዋማው ውሃ እንዳያበላሸው ከሥሩ ፕላስቲክ አነጠፈችና አለበሰችው።

«አላማረም?» አለችኝ።

አምሯል። እጅሽ ይባረክ ብዬ ቁጭ አልኩ። ያ ውሃ ከላይ ካልተነፈሰ እንደሚግል ማወቁን አውቃለሁ፤ ግን ዳንቴልን ከጌጥ በቀር ነገሬ ብዬው ስለማላውቅ ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ምድጃው ሲነድ ዋለ። ቤቱ በሰው ጢም አለ። ነገሩ ብልጭ ያለልኝ ጸሎቱ ከተጀመረ በኋላ ነበር። እኔ ጥግ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ፤ በእኔና በገንዳው መካከል ሰው ሁሉ ቆሟል። ጸሎት አቋርጬ በከዘራ ሰው እየገፋሁ ማለፍ ነውር ሆነብኝ። አሜን እያልኩ ላቤ ይወርድ ነበር።

ሰዉ ቁጭ ቁጭ ሲል ደርሼ ዳንቴሉን ገለጥኩት። ሰማንያ አራት ይላል። ባለቤቴ ደንግጣ በረዶ ልታመጣ ወደ ፍሪጁ ስትሮጥ «ተይ፣ በአንዴ ከቀዘቀዘ ይብስበታል!» ብዬ በእንግዳ ፊት ጮኽኩባት። ቀስ ብሎ እንዲበርድ ማራገቢያ ደገንንበት። ሐምራዊው ግን ከዳሩ መንጣት ጀመረ።

ለልጄ ነገርኳት። «አባዬ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ እሱን ስትጠብቅ መዋል የለብህም። እስረኛ አይደለህም እኮ።»

ብዙም ሳይቆይ በፖስታ አንድ ካርቶን ላከችልኝ። ውስጡ ያለው ዕቃ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰሩን ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ማሞቂያውን ራሱ ያበራል፣ ራሱ ያጠፋል። ቁጥሩንም ልጄ ስልክ ላይ ይልካል፤ ከልኩ ካለፈ እሷው ጋ ያስጠነቅቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃው ሰባ ስምንት ላይ ድርቅ አለ። የነጣው ዳርም ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ። እኔም አርፌ ተቀመጥኩ፤ የሚያስነሣኝ ነገር የለም።

ልጄም መደወሏን ተወች። አልፈርድባትም፤ ፈተና አለባት፣ ሥራ አለባት። ቁጥሩን ስልኳ ላይ ካየች ምን ብላ ትጠይቀኛለች? እኔ ስደውል «ክላስ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ናፈቀችኝ። እስር ማለት ያ ውሃ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በቀን አንዴም ቢሆን በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሥራ እንደገባች ተነሣሁ። ሴንሰሩ ብርድ ሲያገኘው ማሞቂያው ውሃውን እንዳያግለው መጀመሪያ ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ በኮራሉ አልጫወትም። ከዚያ ሴንሰሩን ከውሃው አውጥቼ በረዶ በጋገረው መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ቁጥሩ ይወርድ ጀመር። ሰባ፣ ስድሳ፣ ሃምሳ ሁለት።

ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ! ሃምሳ ሁለት ይላል! ዋት ሃፕንድ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ውሃውም ደህና ነው።»

ያን ያህል ውሃ በዚህ ፍጥነት እንደማይቀዘቅዝ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

«ሴንሰሩ የት ነው ያለው?»

«መስኮቱ ላይ።»

ሳቅ ያለች መሰለኝ፤ ቀጥሎ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

«ልመልሰው?» አልኳት።

«ኖ» አለች። «ትንሽ እዚያው ይቆይ። ዛሬ ምን በላህ?»